በረኛው ወንድሜ ነበር

ይህ የደረሰው ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀራቸው፣ በጥር ወር፣ አሰላ ከተማ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። ቴሌቪዥን ከበው ኳስ ሲያዩ ድንገት አንድ ላይ ሲጮሁ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አያታቸው ኳስ የማትወድ ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው።

እኔ የዴራ ልጅ ነኝ። ተድሬ አሰላ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ባለቤቴ ታደሰ እህል ነጋዴ ስለነበር ወደ ጮሌና ኦጎልቾ ገበያ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። የደጋውን ብርድ ገና አልለመድኩትም፤ ሰውም ብዙ አላውቅም። እንደ አባት ያስጠጉኝ ጎረቤታችን ጋሽ በየነ ነበሩ። ሥጋ ቤት አላቸው። እርጉዝ መሆኔን ካወቁ ወዲህ ጉበቱን አስቀርተው ይልኩልኛል፤ ላመሰግናቸው ስል፣ “ለልጁ ነው የላክሁት፤ አንቺን ማን አወቀሽ!” ብለው ያስቁኛል። በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ ሽመልስ የዴራ ቡድን በረኛ ነበር። ከሠርጌ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ቡድኑ ለዋንጫ እሑድ አሰላ ይመጣል ሲባል ደስታዬን አልቻልኩትም። ታደሰ ወደ ጮሌ ሄዶ ነበር። ለወንድሜ ጭኮ በቅቤ ለውሼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ብቻዬን ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ያልገመትኩት የሕዝቡን ቁጣ ነው። ከዚያ በፊት ዴራ ላይ ሲጫወቱ የአሰላ ደጋፊዎች ተደብድበው ነበር የተመለሱት። የጋሽ በየነ የእህታቸው ልጅ የፊት ጥርሶቹን ያጣው ያን ቀን ነው። አሁን ደግሞ የዴራ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው፣ እየዘፈኑና እየተሳደቡ አሰላ ገቡ። “የቆላ ፍየሎች!” ይላቸዋል አንዱ። “ብርድ ያደነዘዛችሁ!” ይመልሳሉ እነሱ። ከመካከላቸው ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው።

ሜዳው አጥር የለውም። ሰው መስመሩ ድረስ ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ስገፋ ጋሽ በየነ አዩኝና፣ “ነይ ልጄ፣ እዚህ ሁኚ። በዚህ ሆድሽ ምን ልታመጪ መጣሽ?” ብለው ከፊታቸው አቆሙኝ። ከኋላ የሚገፋውን ሁሉ በክንዳቸው እየመለሱልኝ ጨዋታውን አየሁ። ሽመልስ እኛ ካለንበት ብዙም በማይርቀው ግብ ላይ ነበር። ቀጥኗል። ፂም አብቅሏል።

ዴራዎች አንድ አገቡ። ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለአሰላ ሪጎሬ ሰጠ፤ ያኔ ፔናልቲን እንዲህ ነበር የምንለው። የአሰላው አጥቂ መታ። ሽመልስ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ ወደ ውጭ አወጣት።

“ይሄ ጋኔን የማን ልጅ ነው?” አሉ ጋሽ በየነ።

በኩራት፣ “የእኔ ወንድም ነው” ልላቸው ዞር ስል ጩኸቱ ዋጠኝ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታው አልቋል። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ሜዳው ገባ።

ጋሽ በየነ ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ወደ አንድ ባሕር ዛፍ ወሰዱኝ። “ከዚህ እንዳትነቃነቂ” አሉኝና ወደ ግርግሩ ሄዱ። ተመስገን አልኩ። የሚሰሟቸው ሰው ናቸው፤ ያስቆሟቸዋል ብዬ ነው።

ከሜዳው ዳር ለግንብ ሥራ የተከመረ ድንጋይ ነበር። ጋሽ በየነ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ድንጋይ አንስተው፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ወደ ግቡ ወረወሩ። ደገሙ።

“ጋሽ በየነ! ኧረ ወንድሜ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ፤ እኔን ግን ያወቁኝ አይመስለኝም። ፊታቸው የማላውቀው ሰው ፊት ነበር።

ሜዳውን ሊጠብቁ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ዱላቸውን ይዘው ከሰው መሃል ጠፍተዋል። ልሮጥ ስል አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከኋላ ያዘችኝ። “እብድ ነሽ? ልጅሽን ልታስጨርሺ ነው?”

“ወንድሜ ነው፤ በረኛው ወንድሜ ነው!”

በነጠላዋ ጫፍ አፌን አፈነችው። “ዝም በይ! እዚህ መሃል ቆመሽ እንዲህ አይባልም!” ጭኮው ከእጄ ወድቆ ሰው ረገጠው።

ሽመልስን ጓደኞቹ እጅና እግሩን ይዘው ሲያወጡት አየሁ። ፊቱ ደም ብቻ ነው። መኪናው ላይ ወረወሩት ማለት ይቀላል። ሹፌሩ አስነስቶ በረረ፤ ወደ ኢተያ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ድንጋዩ አልተወውም። ይሙት ይዳን አላወቅሁም። በእሑድ ስልክ ቤቱ ዝግ ነው። የምልከው ሰው የለኝም።

ቤቴ ገብቼ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ጀምበር ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ በየነ ናቸው።

“ደህና ገባሽ ልጄ? ጠፋሽብኝ እኮ! እዛፉ ሥር ብመለስ የለሽም። ልቤን አጠፋሽው።”

ድምፃቸው የድሮው ነው። እጃቸው አፈር በአፈር ነበር። “እስቲ ውሃ አምጪልኝ” አሉ። ማስታጠቢያውን አምጥቼ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን አስታጠብኳቸው። “በርዶሻል፣ ልበሺ” ብለውኝ ወጡ።

ታደሰ በማግስቱ ሲመለስ ዴራ ወሰደኝ። ሽመልስን ናዝሬት ሆስፒታል አስገብተውታል። ተረፈ። ቀኝ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

በሚያዝያ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ክርስትናው ላይ ሽመልስ መጣ። በሬውን በእጃቸው ባርከው ያረዱት ጋሽ በየነ ነበሩ፤ በረኛው የማን ወንድም እንደሆነ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። ከሽመልስ ጎን ተቀመጡ። ከሻኛው ቆርጠው፣ በአዋዜ ነክረው፣ “እንካ በረኛው፤ በሞቴ!” ብለው አጎረሱት። ሽመልስ በቀረችው ዓይኑ እያያቸው ሳቀና እሱም መልሶ አጎረሳቸው።

እኔ ሰሃን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ምን ልበል? የማን ድንጋይ እንደመታው እኔም አላየሁም። ያየሁት ከእጃቸው ሲወጣ ነው፤ ሲያርፍ የሰው ጀርባ ጋረደኝ። ቢሆኑስ? ባይሆኑስ? ልጄ እቅፋቸው ውስጥ ተኝቷል።

ጋሽ በየነ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆነ። ያን ቀን የሆነውን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ሲሞቱ ከልጆቻቸው እኩል ነው ያለቀስኩት፤ ለቅሶዬም የእውነት ነበር። ለታደሰም፣ ለሽመልስም ሳልናገር ይኸው አረጀሁ።

ሽመልስ ዛሬም ዴራ አለ። ልጆች፣ “አባባ፣ ዓይንዎን ማን መታዎት?” ሲሉት፣ “አሰላ” ይላል እየሳቀ። ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ግን አሰላ ሲል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ የቆመ።