አምስት ስም፣ አንድ ልብ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር ለልብ ምርመራ ተኝቼ፣ ነርሷ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ ስታደርገው አንገሸገሸኝ። "ምነው ጋሼ፣ በረደዎት?" አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸሁ። ያንገሸገሸኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ የሠራሁት ሥራ ነው።

ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ ሳጣ በመተማ በኩል ተሻገርኩ። ገዳሪፍ አንድ ሐኪም የግል ክሊኒክ ነበረው። የሰሊጥ እርሻ ባለቤቶች ልቡ ያልተመረመረ ሠራተኛ አንቀበልም ስላሉ፣ አጨዳ ሲደርስ ግቢው በአርማጭሆና በመተማ ልጆች ይሞላል። እኔ የተቀጠርኩት የልብ ምታቸውን መስመር ስክሪን ላይ የሚያሳይ፣ በየስማቸውም የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እንድሠራ ነበር። ጠዋት የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል እበላና ከጫማዬ ጥቁሩን ጭቃ አራግፌ እቀመጣለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ በተለይ የተለያዩ ሰዎችን የልብ መስመር ጎን ለጎን የሚያሳየው ገጽ ያኮራኝ ነበር።

አንድ ቀን ያ ገጽ ጉድ አሳየኝ። አምስት ስም ተጽፏል፤ መስመሩ ግን ትንሿ ጉብታ እንኳ ሳትቀር ቁርጥ አንድ ነው። ወጥቼ ስጠይቅ፣ ሞላ የሚባለው ወጠምሻ አጫጅ ሳያፍር "እኔ ነኝ የተኛሁላቸው" አለኝ። "ያገር ልጅ የማር እጅ አይደል? ውቤ እንዲህ ደክሞ ባዶ እጁን ይመለስ?" ውቤ ከበሩ እስከ አግዳሚው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ የሚተነፍስ ልጅ ነው።

ለሐኪሙ ነገርኩት። ሳቀ።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! እርሻዎቹ የሚፈልጉት ወረቀት ነው። አንተ ያንን ገጽ አጥፋው፤ እኔ ኢቃማህን እጨርስልሃለሁ።"

የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም፤ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር በየጓሮው ስሸሽ ነው የከረምኩት። ገጹን አጠፋሁት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች እንከን ሠራ። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ እንዲያ አሳምሬ መሥራቴ ነው።

ውቤ አጨዳው በተጀመረ በሳምንቱ ነዶ እንደታቀፈ ወደቀ፤ አልተነሣም። ሞላ ከነማጭዱ ክሊኒኩ ድረስ መጣ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ማሽናችሁ የኔ ልብ መሆኑን አይለይም ነበር?"

"አይለይም" አልኩት።

"እንግዲያ እኔ ብቻ ነኝ የገደልኩት" ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ወደ ስክሪኔ ተመለስኩ።

ኢቃማው መጣልኝ። ሐኪሙን ስረግም ዓመታት አለፉ፤ ራሴን ከመጠየፍ እሱን መርገም ይቀለኝ ነበር። አሁን፣ የሱዳኑ ጦርነት ከዚያ የሚመልሳቸውን አጫጆች ባየሁ ቁጥር ስለ ሞላ እጠይቃለሁ። የሚያውቀው አላገኘሁም። ባገኘው ይቅርታ እንኳ አልለምነውም። ማሽኑ ይለይ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይትፋብኝ።