ድርቆሽ ማሰሪያው ዛሬም ከትንሹ ትራክተር ጋር ተቀጠለ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አምና ወንድሜን የገደለው ድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ከዚያው ትንሽ ትራክተር ኋላ ተቀጥሎ አየሁት።

የእርሻውን ኃላፊ፣ "ጓድ፣ የዚህ ትራክተር ጉልበት አይበቃም፤ ቁልቁለት ላይ ማሽኑ ይገፋዋል" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ሞክረነው በደንብ አስሯል" አሉኝ።

አምናም የሞከሩት ሜዳ ላይ ነበር። ሣሩ ያለው ግን ከጂንካ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው።

ትልቁ ትራክተር ሰሞኑን ለሚደረገው የበዓል ሰልፍ መድረክ እንጨት ሊያመጣ ቀይ አፈር ከተማ ሄዷል። ለእነሱ ከሰው ይልቅ እንጨቱ ሳይበልጥባቸው አይቀርም።

ነገ የሚነዳው የወንድሜ ጓደኛ ዮሐንስ ነው። "አይዞህ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ" አለኝ። ወንድሜም ያለን ይህንኑ ነበር።

ይህን ከምታነቡት መካከል ማሽን ከኋላ ገፍቶት የተረፈ ሾፌር ካለ፣ እንዴት እንደተረፈ ዛሬውኑ ይጻፍልኝ። ለዮሐንስ አነብለታለሁ።