እናቴን አገር ያሳየሁ ዕለት

እናቴ ደብረ ታቦርን የምታውቃት በገበያዋ፣ በኢየሱስ ደብር ንግሥ በዓልና በለቅሶ ብቻ ነበር። ከገሳይ በላይ ካለው ቤታችን ዕድሜ ልኳን ስትመላለስባት ኖራ ለሌላ ጉዳይ እግሯ ረግጧት አያውቅም። ስለዚህ "አገር ላሳይሽ" ስላት ጆሮዋን አላመነችም።

"ምን ልናይ?" አለችኝ።

"ቦታ ነዋ። ጋፋትን፣ ጉናን። ዝም ብለን ስንዞር እንድንውል።"

"ማን ሙቶ?"

ማንም አልሞተም ነበር። ከሳምንት በፊት ባሕር ዳር ያየን ሐኪም እሷን ውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻ አስገባና ጉበቷ ላይ ያለው ነገር ከሕክምና ማለፉን ነገረኝ። ወራት እንጂ ዓመት እንዳልጠብቅ፣ ቤቷ ሆና የምትወደውን ባደርግላት እንደሚሻል አከለበት። እናቴ ምን እንደምትወድ እኔ የት አውቄ! አሥራ አንድ ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ የማዳሜ ልጆች ምን እንደሚወዱ ግን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ዓርብ በመጣ ቁጥር ዓሣ የሚዋኝበትን የመስታወት ቤት፣ በበረሃ መካከል በረዶ የሚሠራበትን ሕንፃ አዙሬ አሳይቻቸዋለሁ፤ ጫማቸውን አስሬ፣ አፍንጫቸውን ጠርጌ፣ ፎቶ አንስቼ። የራሴን እናት አንድ ቀን የትም ወስጃት አላውቅም። ከሐኪሙ ቃል ያላነሰ ይኼ አንገበገበኝ።

በሽታዋን አልነገርኳትም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰብ ይይዘዋል። እኔም ያዝኩት፤ ግን መደበቅን እንደኔ የሚጠላ ሰው አልነበረም።

የምጠላበት ምክንያት አባቴ ነው። እኔ በስደት ሳለሁ ሞተና ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቁኝ። እሑድ እሑድ ስደውል እናቴ ትነሣና "አባትሽ ከብት ሊያይ ወርዷል" ትለኛለች። በሌላው እሑድ ቅዳሴ ሄዷል፣ በሌላው ደግሞ ደክሞት ተኝቷል። ፎቶውን ላኩልኝ ስል ላኩልኝ። ከወራት በኋላ ሌላ ስጠይቅ ያው ከነቴራ፣ ያው አጥር ከኋላው። እኔ ሞኟ "ይኼ ሰውዬ ሌላ ልብስ የለውም እንዴ?" ብዬ ወፍራም ካፖርት ገዛሁለት። ካፖርቱን በሻንጣ ይዤ አገሬ የገባሁ ዕለት አብልተው አስተኙኝ፤ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃፋችን ላይ ተሰብስቦ አረዳኝ። ለአባቴ ያለቀስኩት ብዙም አልቆየም፤ እናቴን ግን አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፍኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ መላኬ እንዴት ይረሳል?

ታናሽ እህቴ በተራዋ አረብ አገር ስትሄድ አውቶቡስ ተራ ላይ አንገቴን አንቃ "እማ አንድ ነገር ብትሆን እንዳትደብቂኝ፤ በእመቤታችን ቃል ግቢልኝ" አለችኝ። ገባሁላት። አሁን ያ ቀን ደርሷል። ሐሳቤ ቁርጥ ነበር፤ መጀመሪያ እናቴን አገር አሳያታለሁ፣ ከዚያ እሑድ እህቴ ስትደውል እውነቱን እነግራታለሁ። እንደምንም ብላ፣ ተለማምጣም ሆነ አልቅሳ፣ እናቷን በሕይወቷ ትድረስባት አልኩ።

በዚህ ዘመን መንገዳችን መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ያን ሳምንት ክፍት ነበር። አንድ የሰፈራችን ሹፌር ሚኒባሱን በኮንትራት ሰጠኝና ማለዳ ደብረ ታቦር ካለው የኪራይ ቤቴ በር ላይ አቆመ። ከባሕር ዳር ወዲህ እኔ ጋ የሰነበተችው እናቴ ቋጠሮ ይዛ ወጣች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልብሴ ነው።"

"ጠበል አይደለም እኮ የምንሄደው፤ ማታ እንመለሳለን።"

"አውቃለሁ" አለችና ቋጠሮዋን እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች። አላወቀችም፣ ጠበል መስሏት ነው ብዬ ተውኳት። ለአባቴ የመጣውን ካፖርትም ጉና ይበርዳታል ብዬ ከሻንጣው አውጥቼ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ኢየሱስ ወጣን። ደጁን ተሳለመች፤ ለመመለስ ስትዞር ክንዷን ይዤ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኳት። ከተማው በሙሉ ከእግራችን በታች ነበር። "እይ እስቲ፣ አያምርም?" አልኳት።

"ቆርቆሮ ነው የሚታየኝ" አለች። ቆየት ብላ "ያንች ቤት የትኛዋ ቆርቆሮ ናት?" ስትለኝ በጣቴ ፈልጌ አጣኋት። ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ካሜራ ሲደቀንባት ፊቷን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና "በይ አንሺኝ" አለች። አነሣኋት።

ወደ ጋፋት ስንወርድ ሹፌሩን አስቆመችው። "ልብስ ልቀይር ነው፤ ውረድልኝ ልጄ።"

"ይቀይሩ እማማ፣ ይቀይሩ" ብሎ ወርዶ ጎማውን ሲመታ ቆየ። ነጩን ቀሚስ አውልቃ አረንጓዴውን ለበሰች፤ ጥቁር ሻሽ አሰረች። እኔ እዚህ ሆዴ እየተቃጠለ እሷ ትኳኳላለች ብዬ ተበሳጨሁ። ያፈርኩበት ብስጭት ነው፤ ግን ነበረ።

ጋፋት ላይ ከመኪናው ወርደን በእግር መንገዱ ገባን። የሚታየው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ድንጋይ፣ የተቆፈረ መሬት፣ ከዚያ ወዲያ ገብስ። እንደ አስጎብኚ ቆሜ "ንጉሡ መድፍ ያሠራው እዚህ ነው" አልኳት።

"መድፉስ?"

"ሰው ጎትቶት መቅደላ ሄደ።"

"ታዲያ ምኑን ልናይ መጣን?"

እሷ ወደ ገብሱ ጠጋ ብላ አንድ ዛላ ቆረጠች፣ በመዳፏ አሸችና እፍ አለችው። "ዋግ መቶታል፤ ጎተራ አይሞላም" አለች። ቀጥላ ድንገት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ የሌለው ላስቲክ ጫማ ነበር። ሕመሙ እስኪያልፍላት እኔም ገብሱን አየሁ። ስትቀና "እዚህም አንሺኝ" አለች። ካነሣኋት በኋላ ስልኩን ተቀብላ ዓይኗን አጥብባ መረመረች፤ "ከሳሁ እንዴ? ጎኔን ላዙርልሽና ድገሚኝ" አለች። ደገምኳት።

ገሳይ ስንደርስ ከመንገድ ዳር ቅቅል ድንች ገዛሁ። አንዱን ይዛ ሳትገምጠው በእጇ ቀዘቀዘ። ቤታችን ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ ጎራ ልትል ትፈልጋለች ብዬ ጠየቅኋት።

"ዛሬ ቤቴን አላይም" አለች። "ልጅ እግር መስዬ ስዞር ውዬ ቤቴን ካየሁ ሆዴ ይባባል።" በቢጫ ሻሽና በሰማያዊ ሹራብ ሦስተኛውን ፎቶ ተነሣች፤ ድንቹን ከፍ አድርጋ፣ እየሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ ቀኑ እንደምንም ተሳካልኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ጉና ላይ ጉም ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን ሊያይ ወርዶ ሲቀር እኛ ትንሽ ወጣ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ፎገራ ከዚህ ይታያል፣ ጣናም ይታያል ብዬ ስንት ነገር ነግሬያት ነበር፤ ከፊታችን ቀጥ ብለው ከቆሙት ጥቂት የጅብራ ተክሎች በቀር ምንም አይታይም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካፖርቱን አለበስኳት። እጅጌው ጣቷን ዋጠው። አሽትታው "ሰው ለብሶት አያውቅም" አለች። ከዚያ "ይኸ ለክረምት ይሆናል" አለች።

"ምኑ ነው ለክረምት የሚሆነው?"

"ፎቶው።" አየችኝ። "አንች ልጅ፣ ሐኪሙ ስንት ወር ቀራት አለሽ?"

ተነሥቼ ቆምኩ። ምን ልሠራ እንደተነሣሁ እንጃ።

"ምን እንደ ጅብራ ትገተሪያለሽ? ቁጭ በይ።"

"ማን ነገረሽ?"

"አንች ነሻ። ከባሕር ዳር ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ብርቱካን ሳትከራከሪ ገዛሽልኝ። አንች እንኳን ብርቱካን ጨው ሳትከራከሪ ገዝተሽ ታውቂያለሽ? የዚያን ዕለት አወቅሁ። አገር ላሳይሽ ስትይኝማ ጨረስሽው። ውሸት አትችይበትም ልጄ፤ ከኔ ነበር መማር የነበረብሽ።"

ልስቅም ላለቅስም አቃተኝ። እሷ ግን የሠራተኛ ዓይነት ፊት ነበራት፤ ሥራ ላይ ነበረች። መታመሟንም መሞቷንም እህቴ እንዳትሰማ አለችኝ። ጠበል ገብታለች በያት፤ ጠበል ላይ ስልክ የለም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ በዓል እየጠበቅሽ ላኪላት፤ ነጩ ለፋሲካ ይሁን፣ ካፖርቱ ለክረምት። የገሳዩን ዛሬውኑ ላኪው። "በአባትሽ ጊዜ ፎቶ አጥተን ተዋረድን" አለች። "አንዱን ከነቴራ ሁለት ጊዜ ላክንልሽ። እኔ ላይ እንደዚያ እንዳይሆን ብየ ነው።"

"አልችልም" አልኩ። "ቃል ገብቼላታለሁ። መጥታ ታይሽ። እኔ ያየሁትን እሷ አታይም።"

"መጥታ ታድነኛለች? ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሴትዮ እጅ ነው። ብትሰማ ትጮሃለች እንጅ አትመጣም። ስትጮህ ማን ይይዛታል?" እጅጌውን ሰብስባ ጣቷን አወጣች። "አንችስ የዚያን ጊዜ ብትሰሚ ኑሮ ማን ነበር የሚይዝሽ? የማን ትከሻ ላይ ነበር የምታለቅሽው?"

ይኼን መመለስ እችል ነበር። በዚያ ቤት የማለቅሰው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ ነበር፤ ድምፄ እንዳይሰማ። አንዴ ሴትየዋ በሩን ደብድባ ውኃ አባከንሽ ብላኛለች። በሰው ቤት አይለቀስም። አንድ ዓመት ያኮረፍኳት እናቴ ይኼን ሳልነግራት ታውቅ ነበር፤ ለካ እሷም ባሏን ቀብራ በየእሑዱ ድምፅዋን እያሳመረች ስታነጋግረኝ ኖራለች። እሷ ስልኩን ዘግታ የት ገብታ ታለቅስ እንደነበረ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። "አልቅሽ፣ እዚህ የሚሰማሽ የለም" አለች። "ስንወርድ ግን ፊትሽን ታጠቢ።" ስጨርስ ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆለፈችና ጅብራው አጠገብ ቆመች። "በይ አሁን አንሺኝ፤ ብርዱ ሳይገለኝ።" ጉሙ እየሸፈናት ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

እሑድ እህቴ ስትደውል ስልኩን እናቴ ራሷ ተቀበለች። "አገር ስዞር ሰነበትኩ" ብላ ሳቀችላት። "ከእንግዲህ ጠበል እገባለሁ፤ ስልኬን አትጠብቂ።" ከጥምቀት በኋላ ብዙም አልቆየችም። ገሳይ ቀበርናት። ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ አፋችሁን ያዙ ብዬ ለመንኩ፤ መለመንም አላስፈለገኝም፣ ሁሉም ሥራውን ያውቀዋል።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው እሑድ ጥቁር ለብሼ ስልኩ ሲጮህ አየሁት። እስካነሣው ድረስ ልነግራት ነበር። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

"እማስ?" አለች። ከኋላዋ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል።

"ጠበል ገብታለች" አልኩ። "ተስማምቷታል።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለኔ ነው። ነጩን ለፋሲካ ላክሁ። የጋፋቱን ለግንቦት ልደታ ብልክላት እህቴ "ጋፋት ደግሞ ምን ልትሠራ ወጣች?" ብላ በድምፅ መልእክት ሳቀችብኝ። አገር ልታይ አልኳት። ቪዲዮ አድርጊልኝ ስትለኝ ኔትወርክ የለም እላለሁ፤ ብዙ ጊዜም የለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። እሷ ስትመጣ እኔ እናቴን እንዳኮረፍኳት ታኮርፈኛለች። ከዚያም ብትብስብኝ አልፈርድባትም፤ እናቴ ቃል አልገባችልኝም ነበር፣ እኔ ግን ገብቼላታለሁ።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። ባለፈው እሑድ እህቴ "እማ በዚህ ክረምት በነጠላ ብቻ ናት እንዴ? ሹራብ ገዛሁላት፤ ስመጣ ይዤላት እመጣለሁ" አለችኝ። ነገ እሑድ ነው። የጉናውን፣ ካፖርት የለበሰችበትን እልክላታለሁ። ከዚያ ወዲያ የምልከው የለኝም፤ እሷ ልትመጣ ገና ሰባት ወር ይቀራታል።