እስከ እሁድ የተያዘው መታወቂያ

ይህ የደረሰብኝ ቤይሩት ዳርቻ ባለ አንድ ሰፈር የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሰሞን ነው።

የምሠራበት ቤት ሚስተር የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት አባል ነው፤ እንደገና ይወዳደር ነበር። ዓርብ ዕለት ሱሪውን ከማጠቤ በፊት ኪሱን ስፈትሽ የጠረጴዛውን መሳቢያ ቁልፍ አገኘሁ። ፓስፖርቴ ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ተቆልፎበታል፤ ሁለት ዓመት አላየሁትም። ቀኑ አልፎበት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ስለከረምኩ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን አይቼ ከፈትኩት። ደፋር ሆኜ አይደለም።

ፓስፖርቴ አለ። አጠገቡ በላስቲክ የታሰረ የመታወቂያ ክምር ተቀምጧል። ከክምሩ አናት ያለው ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት መታወቂያ ነው፤ ሁላችንም ቴታ፣ አያቴ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ሲያማርሩ ሰምቻቸዋለሁ። ጓሯቸው ያለ ፈቃድ ያሠሩትን ክፍል ማዘጋጃ ቤቱ እንዳያፈርስባቸው ሚስተር ቃል ገብቶላቸው፣ በምትኩ መታወቂያቸውን እስከ እሁድ ማታ፣ ምርጫው እስኪያልቅ፣ ወስዶባቸዋል። የእህታቸው ልጅ ከሌላው ወገን ይወዳደራል። ያለ መታወቂያ ደግሞ መምረጥ የለም።

ካርዱን መዝዤ ፎቷቸውን ሳይ የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። ደንግጬ ፓስፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩትና መሳቢያውን ቆለፍኩ። የሚስተር ሚስት ማዳሜ ገና ከመግባቷ ኪሱ ውስጥ የረሳውን ቁልፍ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። የቴታን ካርድ ፓስፖርቴ ውስጥ ትቼ መቆለፌ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ሚስተር ሌባ ብሎ ፖሊስ ቢጠራብኝ ማን ያምነኛል?

እሁድ ምርጫው እንዳበቃ ቴታ መጡ። ሚስተር ክምሩን ሁለት ጊዜ ፈተሸ፣ የሳቸው የለም። ከዚያ ፓስፖርቴን ሲያነሳ ካርዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝ።

ቴታ ጎንበስ ብለው ካርዳቸውን አነሱ። ፓስፖርቱንም አዩት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ የኔን ወሰድኩ» አሉት። «የሷንስ መቼ ነው የምትሰጣት?»

«እሷ አትመርጥም፣ ቴታ» ብሎ ሳቀና መሳቢያውን ቆለፈ።

ምርጫውን አሸነፈ። የቴታ ክፍልም አልፈረሰም። እኔን እስካሁን ምንም አልጠየቀኝም፤ ቁልፉን ግን ዳግም ኪሱ ውስጥ ረስቶት አያውቅም። እኔ ደግሞ የሰው ፎቶ ሳይ፣ የራሴን ፓስፖርት ቀን ሳላይ ቀርቻለሁ።

ያን ሳምንት ሙሉ ቴታ ያሳዝኑኝ ነበር። ካርዳቸውን ይዘው ሲወርዱ ግን ቀናሁባቸው። የሳቸው የተያዘው እስከ እሁድ ነበር።