አባቴ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ባትሪ

ይሄ የሆነው በፈረንጆቹ 2016፣ አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ሎስ አንጀለስ እኔ ጋ በሰነበቱበት በጋ ነው። እስከ ዛሬ ባትሪ ስገዛ መጀመሪያ እጄ ላይ አድርጌ እመዝነዋለሁ። ያየኝ ሰው ነካ ያደረገኝ ይመስለዋል። ምክንያቱን ላውራችሁ።

እኔ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ፣ ቁልፍ እመልሳለሁ። አስራ አራት ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። አባቴ ከመምጣታቸው ስምንት ወር ቀደም ብሎ ግን በስንት መከራ ወደ ቬፕ ዞርኩ፤ በባትሪ የሚሠራውን፣ እንፋሎቱ የሚሳበውን ነገር ማለቴ ነው። እሱም ያው ነው የምትሉኝ አትጠፉም። እሺ፣ ልክ ናችሁ። ግን ደረጃ ስወጣ ማለክለኬን አቁሜ ነበር።

ችግሩ አባቴ ናቸው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ቤት ሲጋራ የሚባል ነገር ስሙም አይነሳ። ማጨሴን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ሶ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በር ቆልፌ፣ ፋኑን ለቅቄ ነበር የምስበው። አንድ ቀን መሣሪያውን እዚያው ረስቼው ወጣሁና አዩት። "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። "የሳይነስ መድኃኒት ነው" አልኳቸው። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ በራሴ አፈርኩ። እሳቸው "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለው መሣሪያውን መለሱልኝ።

አሁን ወደ ባትሪዎቹ ልምጣ። ከአውራ ጣት ትንሽ ረዘም ያሉ፣ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። ትርፍ ይኑረኝ ብዬ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ሁለት ገዛሁ። ቀይ የላስቲክ ልባስ አላቸው፤ ላያቸው ላይ የሚይዙትን ኃይል የሚገልጽ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ በተለቀ መጠን ቶሎ አያልቅም ብዬ ደስ አለኝ። ርካሽም ነበሩ፤ ርካሽ ነገር ደግሞ ነፍሴ ነው። ኪሴ ውስጥ ከደንበኞች ቁልፍ ጋር እየከተትኩ ስዞር ልባሳቸው ተቧጨረ፣ ጫፋቸው ተላጠ። አንድ ቀን ጭኔን ፈጅቶኝ ነበር፤ የፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ሞኝነቴን እዩልኝ።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱን ባትሪዎች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ሥራ ሄድኩ። ያን ሰሞን ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ አባቴ ሳሎን የሉም። በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበር አውጥተው፣ ለፀሐዩ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። እግራቸው ሥር የብረት ትሪ አለ። ትሪው ላይ ሁለቱ ቀያይ ባትሪዎች ተደርድረዋል።

በሩን ስከፍት ስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ከአንደኛው ጫፍ ነጭ ጭስ ወጣ። ብብታቸው ሥር ገብቼ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ስጎትታቸው እሳት ተፋ። ወደ ውስጥ አስገብቼ የመስታወቱን በር በእግሬ ዘጋሁት። ትሪው ተገለበጠ፤ አንዱ ባትሪ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ፣ ሁለተኛውም ተከተለው። በረንዳው ሲሚንቶ በመሆኑ ጥቂት ተንጣጥቶ በራሱ ጠፋ። ፍንጣሪው የአባቴን ነጠላ በስቶ ክንዳቸው ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ አቃጥሏቸዋል።

"አባባ፣ ምን ብለው ነው ፀሐይ ላይ ያሰጧቸው?" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

"ቀለሉኝ" አሉ፣ ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ገበያ ሚዛን ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። እጃቸው አይሳሳትም። ባትሪዎቹን ከጠረጴዛው አንስተው ሲመዝኗቸው ለመጠናቸው ቀለሏቸው። ከቀለሉ አልቀዋል ማለት ነው አሉ። የሬድዮ ድንጋይ ሲያልቅ ደግሞ እኛ ቤት ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጅ ሆኜ የማታ ዜና እንዳያመልጣቸው ድንጋዩን የማሰጣው እኔ ነበርኩ።

ክንዳቸውን የቧንቧ ውኃ ሥር ያዝኩላቸው። ያኔ ነው እውነቱ ከአፌ የወጣው። "አባባ፣ መድኃኒት አይደለም። ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ስንት ዓመት ሙሉ በስልክ ስታስል ስሰማህ ኖሬ፣ አሁን አታስልም። መታጠቢያ ቤት ስትገባ ደግሞ በበሩ ሥር የፍራፍሬ ሽታ ይመጣል።" ክንዳቸውን ከቧንቧው ሥር አወጡና ቀጠሉ። "ከሲጋራው ያላቀቀህ እሱ ነው ብዬ ገመትኩ። ድንጋዩ ካለቀበት ወደዚያው ይመለሳል ብዬ ሰጋሁ። ሁሉም ጎኑ ፀሐይ እንዲያገኘው ከጠዋት ጀምሮ ሳገላብጠው ነበር፤ ኋላ እንቅልፍ ጣለኝ።"

አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ሰኞ ሥራ አልገባም ነበር፤ አብረን ወጣን። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ አለፍ ብሎ የስልክ ዕቃና ቬፕ የምትሸጥ ሀበሻ ሴትዮ አለች። አታውቀንም። የሆነውን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ተቆጣችኝ እንጂ።

"ወንድሜ፣ ከቁልፍ ጋር? ኪስ ውስጥ? ብረት ከብረት ከተገናኘ እኮ እዚያው ጭንህ ላይ ነው የሚነድልህ" አለች። "ያን የሚያህል ቁጥር በዚህ ቁመት የሚይዝ ባትሪ የለም፤ ውሸት ነው። ሠሪው የሚታወቅ፣ ለመሣሪያህ የሚሆነውን ግዛ። ልባሱ ከተላጠ አትጠቀምበት። ትርፉን በማስቀመጫው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ኦኬ? ፀሐይ ደግሞ..." ብላ አባቴን አየቻቸውና ተወችው።

ከዚያ ቀለማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ባትሪ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አባቴ ማንም ሳይጠይቃቸው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይሄኛው ገለባ ነው" አሉ፣ የግራውን ወደ እሷ እየገፉ።

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። "ልክ ነዎት አባባ። እሱ ፌክ ነው፤ አንድ ደንበኛ ለማሳያ ብሎ የተወልኝ።"

የባትሪ ማስቀመጫውን "ይሄ ከኔ ነው" ብላ ሰጠችን። አባቴ እዚያው ቆመው መረቋት፤ አመራረቃቸው ደግሞ አጭር አይደለም። ከኋላችን ተራ የሚጠብቀው ፈረንጅም ባርኔጣውን አውልቆ አብሮን ጠበቀ።

አባቴ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ "ልባሱ አልተላጠም?" ይሉኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቬፑንም ተውኩት። የነገርኩት መጀመሪያ ለእሳቸው ነው። "ተመስገን" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። የተበሳውን ነጠላ እህቴ ልጣፈው ስትላቸው እምቢ ብለዋል አሉ።

አሁንም ባትሪ በያዝኩ ቁጥር ያ በረንዳ ትዝ ይለኛል። ያን ጠዋት ሙሉ በዚያ ሙቀት ተቀምጠው፣ እኔ ሲጋራ እንዳልመለስ ባትሪዬን ሲያገላብጡልኝ ነበር። በር ቆልፌ ስደበቅ የከረምኩት ከእኚህ ሰው ነው።