ቀስቱ ወዴት ነው

በተማሪነቴ ፊዚክስን እንደ ውሃ እጠጣው ነበር እያልኩ ልጄ ላይ ዓመታት ሙሉ ጉራ ነዝቻለሁ። እውነቱ ግን ወድቄበታለሁ። ራጉኤል አጠገብ ካለው የአባቴ የገመድና የሸራ ሱቅ የገባሁትም በዚያው ሰበብ ነው።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ጉዴ ፈላ። አንድ ሣጥን ሳይንሸራተት ተዳፋት ላይ ቆሟል፤ የሰበቃውን (የፍሪክሽኑን) ኃይል አቅጣጫ በቀስት አሳዩ ይላል የቤት ሥራዋ። ሣጥኑ መውረድ ስለሚፈልግ ቀስቱም ወደ ታች ነው አልኳት፤ ያውም ጠረጴዛ እየደበደብኩ። መምህሯ ኤክስ አደረገባት።

ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ሱቅ መጣች። ሰኞ ፈተና አላት። አልተቆጣችም፤ እንደገና አስረዳኝ ብቻ አለችኝ። በእኔ ጉራ ልጄ ልትወድቅ ነው፤ እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ በምን ፊቴ?

ስንተባተብ አንድ ደንበኛዬ በጋሪ የወለል ሴራሚክ ጭኖ ወደ ሱቄ የሚያመጣውን ቁልቁለት እየወረደ መጣ። ጋሪው እንዳያመልጠው ከኋላ አሮጌ ጎማ አስሮ መሬት ለመሬት ያስጎትታል፤ ጎማው ላይ ጓደኛው ተቀምጦበታል። ገመዱ ከእኔ የተገዛ ነው፣ ተወጥሯል። ይህን በየቀኑ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። አስቆምኩትና ጎማው ጋሪውን ወዴት እንደሚስበው ጠየቅሁት።

«ወደ ላይ ነዋ ጋሼ። ወደ ታች ቢስበንማ እርስዎ ሱቅ ውስጥ ነበርን።»

ልጄ ሳቀች። እኔ ደብተሩን አየሁ። መንገዱ ጎማውን ፈጥኖ እንዳይወርድ ወደ ላይ እንደሚይዘው፣ ተዳፋቱም ሣጥኑን ይይዘዋል። ቀስቱ ወደ ላይ ነው። ያኔ መዋሸቱ ሰለቸኝና ፊዚክስ ወድቄ እንደነበር ነገርኳት።

«አውቃለሁ አባዬ። ካርድህን ቁም ሣጥን ውስጥ ካገኘሁት ቆየሁ።»

ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ አልኳት።

«አንተ ጋ ብሳሳት አላፍርማ።»

ከትከሻዬ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለለኝ። እርሳሱን ሰጠችኝና ቀጣዩን አንተ ሥራው አለችኝ። ይኼኛው ሣጥን ሽቅብ የሚገፋ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና ቀስቱን ወደ ታች ሳልኩት፤ መውጣቱን የሚከለክለው ሰበቃው ነውና። ራይት አደረገችልኝ። ገመድ ሊገዙ የገቡትን ሰው ትንሽ ይጠብቁኝ አልኳቸውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን።

ሰኞ ከፈተና ወጥታ በቀጥታ ሱቅ መጣች።

«ሣጥኑ መጣ አባዬ» አለችኝ። «ሠራነው።»