የአባቴ ጃኬት ላይ ቢጫ ፀጉር

ስኖው ሊጀምር ሲል ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ቡትሴን ስፕሬይ ሳደርግ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይነሳና ብሉሚንግተን ያደግኩበት አፓርትመንት ውስጥ መልሶ ያስቀምጠኛል። ትምህርት ላይ እዚህ ግባ የምባል አልነበርኩም፣ ሽታ በማስታወስ ግን ሚኒሶታ ውስጥ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ!

ነገሩ የተጀመረው ስኖው ቀልጦ ሲያልቅ ነው። እናቴ ዘይነባ ያባቴን ጃኬት ልታጥብ አንስታ ቢጫ ፀጉር አገኘችበት። አባቴ ሰይድ የኤርፖርት ሻትል ድራይቭ ያደርግ ስለነበር ስንቷን ፈረንጅ ሲያመላልስ ነው የሚውለው፣ እና ፀጉሩን በሶፍት ጠቅልላ ፓስፖርቶቻችን ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ሌላ ቢጫ ተገኘ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ።

«ሰይድ፣ ቢጫዋስ እሺ፣ አረንጓዴዋ ደግሞ የየት አገር ሰው ናት?»

«ዘይኑዬ፣ ወላሂ ሴት አላውቅም!» ይልና ጃኬቱን አራግፎ ወደ ጋራዥ ይወርድ ነበር።

ሰመር ሲገባ ደግሞ የቡትሱ ስፕሬይ ማለቅ ጀመረ። እናቴ ባዶውን ቆርቆሮ እየነቀነቀች «በጁላይ ማነው ቡትስ የሚረጨው?» ብላ ሻንጣዋን አወጣች፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ እህቷ ጋ ልትገባ። ልብሷን እያጠፈች እኔን ጠርታ «ዓሊዬ፣ ተከተለው» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ግን ፖሊስ ቢያየኝ እዚያው ይቀጥረኝ ነበር።

ድምፄን አጥፍቼ ጋራዥ ወረድኩ። አባቴ የመኪናውን ትራንክ ከፍቶ፣ ቀለም የተነከረ የአጋዘን ፀጉር ከነቆዳው ዘርግቶ፣ የዓሣ መንጠቆ ላይ በክር እየጠመጠመ፣ ፀጉሩ ተበትኖ ሲቆም በምላጭ እየላጨ እንቁራሪት ይሠራል። ባስ የሚባለው ዓሣ የእውነት መስሎት እንዲውጣት ነው። ከዚያ ውሃ ጠጥታ እንዳትሰጥም በቡትስ ስፕሬይ ያጥባታል።

ሲያየኝ ደነገጠ። «ዝም በል ልጄ፣ አጋዘኑ አዳኝ የተኮሰው ነው፣ ቢስሚላህ ተብሎ አልታረደም። በክት ቤቷ እንዳመጣሁ ካወቀች ለኔ ከሴት ይብሳል።»

ዝም ልል ነበር፣ ግን ስመለስ የሻንጣው ዚፕ ተዘግቷል። አባቴ ሳያየኝ ከትራንኩ አንስቼ ኪሴ የደበቅኳትን እንቁራሪት አውጥቼ ሲንኩን ውሃ ሞልቼ ጣልኳት፣ ተንሳፈፈች። እናቴ መሳቢያውን ከፍታ ቢጫውን ፀጉር ከእንቁራሪቷ ሆድ ጋር አስተያየችው፣ ቁጭ አለች፣ እኔ ሁሉንም ነገርኳት።

«በክት! በሲንኬ!»

ሲንኩን ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ ሻንጣውን ግን ፈታችው።

መጠርጠሯን መቼ ተወች? «ዓሣ ነው የምታጠምደው? አያለኋ!» ብላ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ሐይቁ ዳር አጠገቡ ትቀመጥ ነበር።

ዛሬ እንቁራሪት የምሠራው እኔ ነኝ፣ ካባቴም በልጫለሁ፣ እሱም ያውቃል። ሚስቴ የምትሠራው ኤደን ፕሬሪ ከተማ ያለ ዌርሃውስ ነው፣ ስፕሬዩ ሲያልቅ ሌላ ትገዛለች እንጂ አትጠይቀኝም። ባለፈው ቅዳሜ ሆን ብዬ ትከሻዬ ላይ ቢጫ ፀጉር ትቼ በሩ ጋ ቆምኩላት፣ በጣቷ አንስታ ጣለችልኝና «በሰላም ዋል» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሐይቁ ዳር ሁለት ወንበር ዘርግቼ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ።